ሜዳሊያው ከማዘውተሪያ ስፍራው አይቀድምም፡- የቢኤምኤክስ ብስክሌት በደቡብ አሜሪካ

በደቡብ አሜሪካ ስፖርት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው እግር ኳስ ነው። የብራዚል፣ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ዋንጫን ደጋግመው በማንሳት ያተረፉት ዝና ሌሎቹን የአህጉሪቱን ስፖርቶች ለረጅም ጊዜ በጥላው ሥር አኑሯቸው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ አንድ ያልተጠበቀ የስፖርት ዓይነት በአህጉሪቱ ከተሞች እየተስፋፋና በዓለም አቀፍ መድረክም ውጤት እያስመዘገበ መጥቷል። ይኸውም በትናንሽ ብስክሌቶች የሚካሄደው የቢኤምኤክስ ስፖርት ነው።

የውጤት መዝገቡ ለዚህ አስረጂ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2024 በተካሄዱት አራት የበጋ ኦሊምፒኮች የደቡብ አሜሪካ ተወዳዳሪዎች በዚህ ስፖርት 3 የወርቅ፣ 2 የብርና 4 የነሐስ፣ በድምሩ 9 ሜዳሊያዎችን አግኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህም ውስጥ 6ቱ የኮሎምቢያ፣ 2ቱ የቬኔዝዌላ፣ 1ዱ ደግሞ የአርጀንቲና ናቸው።

አሃዞቹ ሲታዩ ዕድገቱ የመላው አህጉር ይመስላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሜዳሊያ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ሲመረመር የሚገኘው ሥዕል የተለየ ነው። አንዳንዱ ሜዳሊያ ለዓመታት የተገነባ የሕዝብ ተቋም ፍሬ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ተወዳዳሪው አገሩን ለቆ በባዕድ ምድር ባገኘው ማዘውተሪያ ስፍራ የተገኘ ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ስፖርትን ለሚያስተዳድሩ የመንግሥት አካላት ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለ።

ቢኤምኤክስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የተወለደ ስፖርት ነው። ጀማሪዎቹም በአፈር ጉብታዎች ላይ የሚካሄደውን የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም በፔዳል ብስክሌቶቻቸው ለማስመሰል የሞከሩ ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ። ብስክሌቱ ባለ 20 ኢንች ጎማና ባለ አንድ ማርሽ ሲሆን፣ አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በየሰፈሩ በሚገኝ ጠጋኝ ሊጠገን ይችላል።

ስፖርቱ ዛሬ በሁለት ዋና ዋና ዘርፎች ይካሄዳል። የመጀመሪያው እሽቅድድም ነው። በዚህ ዘርፍ ስምንት ተወዳዳሪዎች ከከፍታ ላይ በአንድ ጊዜ ተለቀው ከ300 እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ጉብታና ጠመዝማዛ የበዛበትን ትራክ ይጋልባሉ። በኦሊምፒክ ደረጃ የመነሻው ከፍታ 8 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ውድድሩ በአብዛኛው ከአንድ ደቂቃ በታች ባለ ጊዜ ይጠናቀቃል። ሁለተኛው ዘርፍ ፍሪስታይል ይባላል። ተወዳዳሪው ለዚሁ በተሠሩ ተዳፋቶች ላይ በ60 ሰከንድ ውስጥ በሚያሳየው የአየር ላይ ጥበብ ከ100 ነጥብ በዳኞች ይመዘናል።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የእሽቅድድሙን ዘርፍ በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ ለማካተት የወሰነው በ2003 ሲሆን፣ ውሳኔው በ2008 በቤጂንግ ተግባራዊ ሆኗል። ፍሪስታይል ደግሞ በ2017 ተቀባይነት አግኝቶ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቷል። ውሳኔዎቹ ለደቡብ አሜሪካ ልዩ ትርጉም ነበራቸው። በብዙ አገሮች የመንግሥት የስፖርት በጀት በቅድሚያ የሚመደበው ለኦሊምፒክ ስፖርቶች በመሆኑ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የልጆች ጨዋታ ተደርጎ ይታይ የነበረው ቢኤምኤክስ በአንድ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ለመሆን በቃ።

በእርግጥ ስፖርቱ በአህጉሪቱ የተጀመረው ከኦሊምፒክ ውሳኔ በኋላ አይደለም። የአርጀንቲናዋ ኮርዶባ በ2000፣ የብራዚሏ ፓውሊኒያ በ2002፣ እንዲሁም ሳኦ ፓውሎ በ2006 የዓለም ሻምፒዮናን አስተናግደዋል። አርጀንቲናዊቷ ጋብሪኤላ ዲያዝም በ2001፣ በ2002 እና በ2004 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ከዚህ እንደሚታየው ክለቦቹ፣ ወላጆቹና የአፈር ትራኮቹ ቀድመው ነበሩ። የጎደለው ይህን የሕዝብ ፍላጎት በቋሚነት የሚደግፍ ተቋምና ገንዘብ ነበር።

ይህን ክፍተት በተሻለ ሁኔታ የሞላችው ኮሎምቢያ ናት። ስፖርቱ በዚያ አገር ቢሲክሮስ በሚል ስያሜ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዋነኛ ማዕከሉም የአንቲዮኪያ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሜዴሊን ናት። ከተማዋ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር በተቀሰቀሰ ግጭት በዓለም እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ከተሞች ግንባር ቀደም ነበረች። በ1991 ብቻ ከእያንዳንዱ 100 ሺህ ነዋሪ ከ350 በላይ የሚሆነው የግድያ ሰለባ መሆኑ በሰፊው ይጠቀሳል። ከተማዋ ለብስክሌት ልጆች ከሠራቻቸው ትራኮች አንዱ በ1989 በቦምብ በተገደሉት የክልሉ ገዥ በአንቶኒዮ ሮልዳን ቤታንኩር ስም የተሰየመ መሆኑም የዘመኑን መንፈስ የሚያስታውስ ነው።

ሜዴሊን ከዚያ ሁኔታ ለመውጣት ከወሰደቻቸው እርምጃዎች አንዱ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችን ማስፋፋት ነበር። ለዚህም ሁለት አስተዳደራዊ መሠረቶች ነበሯት። የመጀመሪያው በ1993 የተቋቋመውና ኢንደር በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የከተማዋ የስፖርትና የመዝናኛ ተቋም ነው። ይህ ተቋም ማዘውተሪያ ስፍራዎችን ማስተዳደርና በየሰፈሩ የስፖርት ትምህርት ቤቶችን መክፈት መደበኛ ሥራው ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ ነው። የከተማዋ ንብረት የሆነው የመብራት፣ የውኃና የስልክ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ከትርፉ ከፊሉን በየዓመቱ ለከተማው በጀት ገቢ ያደርግ ነበር፤ የስልክ አገልግሎቱ ከጊዜ በኋላ ቢለይም ይኸው አሠራር ቀጥሏል።

በአገር አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ መሠረት ተጥሏል። ኮሎምቢያ በ1995 ባወጣችው የስፖርት ሕግ ብሔራዊ የስፖርት ሥርዓቷን በአዲስ መልክ አደራጅታለች። በ2002 በወጣ የታክስ ሕግ ደግሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ላይ የ4 በመቶ ተጨማሪ ታክስ ተጥሎ ገቢው ለስፖርትና ለባህል እንዲውል ተደርጓል። በዚህም የስልክ ተጠቃሚው ዜጋ በሚከፍለው ጥቂት ሳንቲም የአንድ ታዳጊ ብስክሌተኛ ማዘውተሪያ ስፍራ ተካፋይ ሊሆን ችሏል።

የዚህ ሁሉ ዝግጅት ፍሬ የታየው በማሪያና ፓሆን ነው። ፓሆን የተወለደችው በሜዴሊን በ1991፣ ማለትም ከተማዋ በከፋ ደም መፋሰስ ውስጥ በነበረችበት ዓመት ነው። ወንድሟን ተከትላ ገና በልጅነቷ ብስክሌት መጋለብ የጀመረችው ይህች ተወዳዳሪ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ ከመሰለፏም በላይ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ድሏን በመድገም ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ኮሎምቢያዊት ሆናለች። በ2018 በጉልበቷ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶባት ለረጅም ጊዜ ከውድድር ብትርቅም፣ በቶኪዮ ከእንግሊዛዊቷ ቤታኒ ሽሪቨር ቀጥላ ከአንድ አስረኛ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ኮሎምቢያ እስከ 2024 ድረስ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያገኘችው ወርቅ 5 ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 2ቱ የፓሆን ናቸው።

ድሉ በአንዲት ሴት ብርታት ብቻ የተገኘ ቢሆን ኖሮ በእርሷ ብቻ ባበቃ ነበር። ሆኖም በለንደን ካርሎስ ማርዮ ኦኬንዶ፣ በሪዮና በቶኪዮ ደግሞ ካርሎስ ራሚሬዝ በወንዶች የነሐስ ሜዳሊያ ማግኘታቸው የተወዳዳሪዎች ምንጭ ሰፊ እንደነበር ያሳያል። በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ስድስት ሜዳሊያ ማግኘት የሚቻለው በርካታ ታዳጊዎች በአንድ ትራክ ላይ በየሳምንቱ ሲፎካከሩ ብቻ ነው።

የሴቶች ተሳትፎም በዚሁ አንጻር ሊታይ የሚገባው ነው። በቤጂንግ፣ በለንደንና በሪዮ ለወንዶች 32 ቦታ ሲሰጥ ለሴቶች የተሰጠው 16 ብቻ ነበር። ከቶኪዮ ጀምሮ ግን በእሽቅድድሙ ለሁለቱም ፆታዎች 24፣ 24 ቦታ ተመድቧል። በደቡብ አሜሪካ ይህ እኩልነት በወረቀት ላይ ከመጽደቁ በፊት ሴቶቹ በሜዳ ላይ አረጋግጠውታል። አህጉሪቱ በእሽቅድድም ያገኘቻቸው ሁለቱም የወርቅ ሜዳሊያዎች የሴት ናቸው።

የሜዴሊን ተሞክሮ ከሌላ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገልጣል። በ2016 ሁለት የደቡብ አሜሪካ ከተሞች በሦስት ወራት ልዩነት ሁለት ታላላቅ የቢኤምኤክስ ውድድሮችን አስተናግደዋል። በግንቦት ወር ሜዴሊን በፓሆን ስም በተሰየመው ትራክ ላይ የዓለም ሻምፒዮናን ስታዘጋጅ፣ በነሐሴ ወር ደግሞ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ በዴዎዶሮ አካባቢ በሠራችው ማዕከል የኦሊምፒኩን ውድድር አካሂዳለች። ሁለቱም ትራኮች በጊዜው ከነበረው የዓለም ደረጃ ጋር የሚመጥኑ ነበሩ።

ውድድሮቹ ካለፉ በኋላ የሆነው ግን የተለያየ ነው። የሜዴሊኑ ትራክ ከመጀመሪያውም በቤሌን ሰፈር በሚገኝ የሕዝብ ስፖርት ማዕከል ውስጥ የተሠራና ባለቤቱ የታወቀ በመሆኑ ውድድሩ ሲጠናቀቅ ወደ መደበኛ አገልግሎቱ ገብቷል። የዴዎዶሮው ማዕከል በበኩሉ ከጨዋታዎቹ በኋላ ለአካባቢው ወጣቶች መዝናኛ እንዲሆን ቢታቀድም፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ የሚያስተዳድረው አካል እየተፈለገለት በሮቹ ተዘግተው ታይተዋል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። በአንደኛው ከውድድሩ ማግስት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ ተወስኗል፤ በሌላኛው ግን ይህ ጥያቄ የተነሳው እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ነው።

ብራዚል የተሰጥኦ ችግር እንደሌለባት ግን መታወቅ ይኖርበታል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ጉስታቮ ደ ኦሊቬይራ የተባለው ብራዚላዊ በፍሪስታይል እስከ ፍጻሜው ውድድር መድረሱ ለዚህ ምስክር ነው።

ሦስተኛዋ ተጠቃሽ ከተማ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ናት። ሊማ በ2019 የፓን አሜሪካን ጨዋታዎችን ስታዘጋጅ ፍሪስታይል በአህጉራዊ ጨዋታዎቹ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተ ሲሆን፣ ለቢኤምኤክስ ውድድሮች የሚሆን ስፍራ በከተማዋ የባሕር ዳርቻ በሳን ሚጌል አካባቢ ተዘጋጅቷል። በወንዶች እሽቅድድም ኢኳዶራዊው አልፍሬዶ ካምፖ፣ በሴቶች ፓሆን፣ በወንዶች ፍሪስታይል ደግሞ ቬኔዝዌላዊው ዳንኤል ዴርስ አሸንፈዋል። የፔሩ መንግሥት ከጨዋታዎቹ በኋላ ማዘውተሪያ ስፍራዎቹን የሚያስተዳድርና ለሕዝብ አገልግሎት የሚያውል ልዩ የመንግሥት ፕሮጀክት አቋቁሟል።

ይህ ውሳኔ ያስገኘው ጥቅም ከአምስት ዓመት በኋላ ታይቷል። የ2027 የፓን አሜሪካን ጨዋታዎች በመጀመሪያ የተሰጡት ለኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ ነበር። ሆኖም በውሉ መሠረት ሊፈጸም የሚገባው ክፍያ በጊዜው ባለመፈጸሙ የአህጉሪቱ የስፖርት ድርጅት በጥር 2024 የአዘጋጅነት መብቱን ነጥቋል። በመጋቢት 2024 በተደረገው ምርጫ ደግሞ የተዘጋጁ ስፍራዎች የነበሯት ሊማ የፓራጓዩዋን አሱንሲዮንን አሸንፋ ዕድሉን ወስዳለች። በመሆኑም ሜዳን ጠብቆ የያዘ አገር ሳይታሰብ የመጣን ዕድል ለመጠቀም ሲችል፣ በስፖርት ውጤቷ የምትልቀው ኮሎምቢያ በአንድ የክፍያ ቀነ ገደብ ምክንያት እጇ የገባውን አጥታለች።

የቬኔዝዌላ ሁለት ሜዳሊያዎች ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በ2015 በቤልጂየም ዞልደር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውና በ2016 በሪዮ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው ስቴፋኒ ኤርናንዴዝ ለዚህ ደረጃ የበቃችው በስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ማዕከል በመሠልጠን ነው። በቶኪዮ በ36 ዓመቱ በፍሪስታይል የብር ሜዳሊያ ያገኘው ዳንኤል ዴርስ ደግሞ የካራካስ ተወላጅ ቢሆንም፣ በወጣትነቱ አገሩን ለቆ በአርጀንቲና፣ በኋላም በአሜሪካ ኖሯል። በሰሜን ካሮላይና ግዛት የራሱን የማሠልጠኛ ማዕከል እስከማቋቋምም ደርሷል። ሁለቱም የአገራቸውን ማልያ ለብሰው ሜዳሊያውን ለአገራቸው አስገኝተዋል። ነገር ግን ያሠለጠናቸው ትራክና ተዳፋት ከካራካስ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ በሰፈራቸው የቀሩት ሕፃናት ከጀግኖቻቸው ያገኙት ኩራትን እንጂ ሜዳን አይደለም።

አርጀንቲና በፓሪስ ያገኘችው ወርቅም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይችላል። ሐምሌ 31 ቀን 2024 በወንዶች ፍሪስታይል በ94.82 ነጥብ ያሸነፈው ሆሴ ቶሬስ ሂል በቦሊቪያዋ ሳንታ ክሩዝ ተወልዶ በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ ያደገ ነው። ሜዳሊያው አርጀንቲና በፓሪስ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ ነበር። ቦሊቪያ እስከ ፓሪስ ድረስ በኦሊምፒክ አንድም ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም። የአንድን ቤተሰብ ዝውውር ከስፖርት ፖሊሲ ጋር በቀጥታ ማያያዝ ተገቢ ባይሆንም፣ ተሰጥኦ ድንበር እንደማይገድበውና ፍሬ የሚያፈራው በበቀለበት ሳይሆን ባደገበት መሬት መሆኑን ይህ ታሪክ በግልጽ ያመለክታል።

የኮሎምቢያ ተሞክሮ ከሌሎቹ የተሻለ ይሁን እንጂ ከስጋት ነፃ አይደለም። በፓሪስ ኦሊምፒክ አገሪቱ በቢኤምኤክስ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳለች። በተጨማሪም በ2019 ከአስተዳደራዊ መምሪያነት ወደ ሚኒስቴርነት ያደገው የስፖርት መሥሪያ ቤት የ2025 በጀት ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ መቀነሱ በስፖርቱ ማኅበረሰብ ዘንድ ከፍተኛ ቅሬታ አስነስቷል።

የበጀት ቅነሳ በቢኤምኤክስ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው አይታይም። ለአንድ ኦሊምፒክ የሚበቃ ብስክሌተኛ ለማፍራት ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ዛሬ የሚዘጋ የታዳጊዎች ፕሮግራም ጉዳቱ የሚታወቀው የዛሬዎቹ ባለሥልጣናት ከኃላፊነት ከተነሱ በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቀነሰው የሕፃናቱ ድርሻ ይሆናል፤ በዜና የሚታየው ባለ ሜዳሊያው ነውና።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ ደህንነት ነው። ቢኤምኤክስ ርካሽ ስፖርት ነው የሚለው አባባል እውነትነት ያለው በሰፈር ደረጃ ነው። የውድድሩ ደረጃ ከፍ ሲል የመከላከያ ቁሳቁስ፣ የሠለጠነ አሠልጣኝና የሕክምና ባለሙያ የግድ ያስፈልጋሉ። የሪዮው ባለ ወርቅ አሜሪካዊው ኮነር ፊልድስ በቶኪዮ ወድቆ በጭንቅላቱ ላይ የደረሰበት ከባድ ጉዳት አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ለዓለም አሳይቷል። ስለሆነም አንድ ከተማ ትራክ ሲሠራ በዕቅዱ ውስጥ ሲሚንቶና አፈር ብቻ ሳይሆን የራስ ቁርና የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታም ሊካተቱ ይገባል።

በአጠቃላይ የደቡብ አሜሪካ የቢኤምኤክስ ታሪክ የሚያስገነዝበው የሥራ ቅደም ተከተልን ነው። በሜዴሊን በመጀመሪያ ማዘውተሪያ ስፍራና ተቋም፣ ቀጥሎ የሕፃናት ፕሮግራም፣ በመጨረሻም ሜዳሊያ መጣ። ከውድድር ወይም ከሜዳሊያ የጀመሩት ግን ድሉ ሲያልፍ የተዘጋ በር ወይም በስደት ያለ ጀግና ቀርቷቸዋል። ለግንባታው የሚመደበው ካፒታል በጀት የአንድ ጊዜ ወጪ ሲሆን፣ ትራኩን ሕያው የሚያደርገው ግን በየዓመቱ የሚመደበው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና ኃላፊነቱ በግልጽ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው።

የመመዘኛው ጉዳይም በዚሁ መጠን ሊታሰብበት ይገባል። የአንድ ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥራውን በሜዳሊያ ብቛ ቢመዝን፣ ኮሎምቢያ በፓሪስ እንደገጠማት ያለ ውጤት ሲመጣ ትራኮቹን ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ትራኩን በሚጠቀሙ ታዳጊዎች ብዛት፣ በሴቶች ተሳትፎና በጥገናው ሁኔታ ቢመዝን ግን ሜዳሊያ በሌለበት ዓመትም ሥራው ትርጉም ይኖረዋል። በ1991 በዚያች በደም በታጠበች ከተማ የተወለደችው ሕፃን ለኦሊምፒክ ወርቅ እንደምትበቃ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ከከተማዋ ይጠበቅ የነበረው ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ ሳይሆን፣ ልጆቹ ብስክሌታቸውን ይዘው ሲመጡ የሚገቡበትን በር ክፍት አድርጎ መጠበቅ ነው።